የልብ ቫልቭ በካቴተር ከተጠገነ በኋላ የሚቀረው ቀዳዳ፦ መቼ ይተዋል? መቼስ ይዘጋል?



አንድ አባት የልባቸው ቫልቭ ደም ወደኋላ እየመለሰ ለዓመታት በትንፋሽ እጥረት ሲሰቃዩ ቆዩ እንበል። ደረታቸው ሳይከፈት፣ በብሽሽታቸው በኩል በገባ ቱቦ ቫልቩ ተጠገነላቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ በእግራቸው እየሄዱ ቤታቸው ገቡ። ቤተሰቡም «አልሐምዱሊላህ» ብሎ እፎይ አለ። ከወር በኋላ ለክትትል ሄደው የልብ አልትራሳውንድ ወይም በተለምዶ ኢኮ የምንለውን ምርመራ ሲነሱ ግን ውጤቱ ላይ «በልብ ግድግዳ ላይ ቀዳዳ አለ» ተብሎ ተጻፈ። ልጆቻቸው ደነገጡ። «ቫልቩን ጠግነው ልባቸውን በሱት እንዴ?» አሉ።

መልሱ «አዎ፣ ሆን ተብሎ የተበሳ ነው» የሚል ነው። ይህ ሲሰማ ያስፈራል፤ ነገር ግን የሐኪሞቹ ስህተት አይደለም። ወደ ቫልቩ የሚወስደው መንገድ በዚያ ግድግዳ በኩል ስለሚያልፍ ነው። ቤተሰቡ መጠየቅ ያለበት ቀዳዳው መኖር አለመኖሩን ብቻ ሳይሆን ደሙ በቀዳዳው በኩል ወዴት እና ምን ያህል እንደሚያልፍ ነው። ቀዳዳው ይተው ወይስ ይዘጋ የሚለው ውሳኔ የሚያርፈው በዚህ ላይ ነውና፣ ጉዳዩን ደረጃ በደረጃ እንመልከተው።

ቀዳዳው ከየት መጣ?

ልብ አራት ክፍል እንዳለው ቤት ነው። ሁለቱ ክፍሎች ከላይ፣ ሁለቱ ከታች ናቸው። የቀኙ ወገን ከሰውነት የተመለሰውን ደም ተቀብሎ ወደ ሳንባ ይልካል፤ የግራው ወገን ደግሞ ከሳንባ ኦክስጅን ይዞ የመጣውን ደም ለመላው ሰውነት ያሰራጫል። ሁለቱ ወገኖች እንዳይቀላቀሉ በመካከላቸው ግድግዳ አለ። ሚትራል የሚባለው ቫልቭ የሚገኘው በግራው ወገን፣ በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ነው።

ሐኪሙ ቱቦውን የሚያስገባው በብሽሽት ባለው ደም መልስ በኩል ነው። ይህ የደም ሥር የሚያደርሰው ወደ ቀኙ የላይኛው ክፍል ነው፤ ቫልቩ ግን በግራ ነው። ስለዚህ ግድግዳውን ማለፍ ግድ ይሆናል። ሐኪሙ በጉሮሮ በኩል በሚገባ አልትራሳውንድ እየታገዘ የግድግዳውን ስስ ቦታ በመርፌ ይበሳል። ይህ ስስ ቦታ ሁላችንም በእናታችን ማሕፀን ሳለን ክፍት በር የነበረበት ነው። ከተወለድን በኋላ በሩ ይዘጋል፤ ከአራት አዋቂዎች በአንዱ ገደማ ግን ሙሉ በሙሉ ሳይታሸግ ይቀራል። ብዙዎቹም ሳያውቁት ዕድሜያቸውን ሙሉ ይኖራሉ።

መርፌው ራሱ የሚተወው ቀዳዳ ትንሽ ነው። ችግሩ ከመርፌው በኋላ የሚገባው ቱቦ ነው። ደም የሚያፈስን ሚትራል ቫልቭ ሁለት ከንፈሮች በክሊፕ ለማያያዝ የሚያገለግለው ቱቦ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው፤ የእርሳስን ያህል ማለት ነው። ሐኪሙ ክሊፑን በትክክለኛው ቦታ ለማስቀመጥ ቱቦውን ወዲያና ወዲህ ሲያንቀሳቅሰው ግድግዳው ይለጠጣል።

የዚህ ሕክምና መነሻ የቀዶ ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ጣሊያናዊው የልብ ቀዶ ሐኪም ኦታቪዮ አልፊዬሪ የቫልቩን ሁለት ከንፈሮች መሐል ለመሐል በስፌት አያይዘው ፍሳሹን ቀነሱ። ይህንኑ ሐሳብ ያለ ቀዶ ሕክምና የሚፈጽመው ሚትራክሊፕ የተባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2003 ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ተሠራበት። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 ለቀዶ ሕክምና አስጊ ለሆኑ ሕሙማን ፈቀደው፤ በ2019 ደግሞ ከልብ ድካም የተነሳ ቫልቫቸው ለሚያፈስ ሕሙማን ፈቃዱን አሰፋ።

ለሀገራችን ይበልጥ ቅርብ የሆነው ሌላው ሕክምና የፊኛ ሕክምና ነው። በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም ተነስቶ ልብን የሚጎዳው የሩማቲክ ሕመም የብዙ ወጣቶችን፣ በተለይም የሴቶችን፣ ሚትራል ቫልቭ ያጠብባል። ጃፓናዊው ሐኪም ካንጂ ኢኖዌ እ.ኤ.አ. በ1982 የጠበበውን ቫልቭ በፊኛ ማስፋት ጀመሩ። ፊኛውም የሚያልፈው በዚያው ግድግዳ በኩል ነው። ቱቦው ከክሊፑ ቱቦ ስለሚቀጥን የሚተወው ቀዳዳም ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው።

በራሱ ይዘጋል?

ብዙ ጊዜ ይዘጋል ወይም ይጠባል። ቱቦው እንደወጣ በአብዛኛው ሕመምተኛ ላይ ቀዳዳ ይታያል። ከዚያ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ጠርዙ እየተሰበሰበ ይሄዳል። ከክሊፕ በኋላ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ቀዳዳው ያልተዘጋላቸው ሰዎች በተለያዩ ጥናቶች ከሩብ እስከ ግማሽ ይደርሳሉ። ከፊኛ ሕክምና በኋላ የሚቀሩት ቀዳዳዎች ደግሞ አብዛኞቹ በዓመት ውስጥ ይዘጋሉ።

በግራው የላይኛው ክፍል ያለው ግፊት ከፍ ብሎ ከቀጠለ ቀዳዳው በቀላሉ አይዘጋም። ግፊቱ ደሙን ያለማቋረጥ በቀዳዳው በኩል ይገፋዋልና። ለዚህ ነው ቫልቩ ከጥገና በኋላም ብዙ የሚያፈስ ከሆነ፣ ወይም በፊኛ የሰፋው ቫልቭ እንደገና ከጠበበ፣ ሐኪሙ ከቀዳዳው በፊት ቫልቩን ደግሞ የሚመረምረው።

ደሙ ወዴት ይፈስሳል?

በጤናማ ሁኔታ የግራው ወገን ግፊት ከቀኙ ይበልጣል። ስለዚህ ደሙ በቀዳዳው በኩል ከግራ ወደ ቀኝ ያልፋል። ይህ ደም ኦክስጅን የያዘ ስለሆነ ቆዳ አይጠቁርም፤ ኦክስጅንም አይቀንስም። መጠኑ ትንሽ ከሆነ ሕመምተኛው ምንም ላይሰማው ይችላል። እንዲያውም በግራ በኩል የታመቀውን ግፊት በጥቂቱ ያስተነፍሳል። በዚህ ሐሳብ ተነሳስተው አንዳንድ ተመራማሪዎች ለልብ ድካም ሕሙማን ሆን ብለው በግድግዳው ላይ ትንሽ መተንፈሻ አስቀምጠው ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የወጣው፣ 626 ሕሙማንን ያካተተው ትልቅ ሙከራ ግን በአጠቃላይ ጥቅም አላሳየም፤ የሳንባ ደም ሥሮቻቸው የታመሙ ሰዎችን እንደሚጎዳም አመልክቷል።

የሚያልፈው ደም ሲበዛ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከሳንባ የመጣው ደም ወደ ሰውነት መሄዱን ትቶ እንደገና ወደ ሳንባ ይዞራል። ሐኪሞች ወደ ሳንባ የሚሄደውን ደም ወደ ሰውነት ከሚሄደው ጋር ያነጻጽራሉ። ጤናማው 1 ለ1 ነው። 1.5 ለ1 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ትርፉ ሥራ የቀኙን ልብ ሊያደክመው ይችላል። የቀኙ ልብ ሲደክም እግር ያብጣል፣ ሆድ ይነፋል፣ ጉበት ውሃ ይቋጥራል፣ አቅም ያንሳል።

የበለጠ አሳሳቢው ደሙ ከቀኝ ወደ ግራ ሲያልፍ ነው። የሳንባ ደም ሥሮች ግፊት ከፍተኛ ከሆነ፣ የቀኙ ልብ ከደከመ ወይም የቀኙ ቫልቭ በብዛት የሚያፈስ ከሆነ የቀኙ ወገን ግፊት ከግራው ሊበልጥ ይችላል። ሚትራል ቫልቩ ተጠግኖ የግራው ግፊት በድንገት ሲወርድ ይህ ገሃድ ይወጣል። ያኔ ኦክስጅን ያልያዘ ደም ሳንባን ሳይነካ ወደ ሰውነት ይገባል። ከንፈርና ጥፍር ይጠቁራል፤ በጣት ላይ በሚደረገው መለኪያ ኦክስጅን ይወርዳል፤ በጭምብል ኦክስጅን ቢሰጥም እንደሚጠበቀው አይነሳም።

በዚሁ መንገድ ሌላ አደጋም ይመጣል። በእግር ደም መልስ ውስጥ የረጋ ደም ቢነሳ በተለመደው መንገድ ወደ ሳንባ ይሄዳል። ቀዳዳ ባለበት ልብ ግን በቀዳዳው አቋርጦ ወደ አንጎል ሊሄድና ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ብዙ ጊዜ ደሙ ከግራ ወደ ቀኝ የሚያልፍበት ሰው እንኳ ሲያስል ወይም ሲያምጥ ግፊቱ ለቅጽበት ሊገለበጥበት ይችላል።

ታዲያ ሁሉም ለምን አይዘጋም?

«ቀዳዳ ካለ ይዘጋ» ማለት ተፈጥሯዊ ነው። ጥናቱ ግን እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ አሳይቷል። በጀርመን ላይፕዚግ ከተማ ሚትራስ በተባለ ጥናት፣ ከክሊፕ ሕክምና አንድ ወር በኋላ ከግራ ወደ ቀኝ ጉልህ የደም ፍሰት የተገኘባቸው 80 ሕሙማን በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። የአንደኛው ወገን ቀዳዳ ተዘጋ፤ ሌላው ወገን በመድኃኒትና በክትትል ብቻ ቆየ። ከ5 ወር በኋላ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ምን ያህል እንደሚራመዱ ሲለካ በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አልተገኘም።

ከዚህ የምንረዳው፣ ቀዳዳው ሳይዘጋ የቀረበት ሰው ሁኔታው የከፋ ቢሆን እንኳ የድካሙ ምክንያት ቀዳዳው ብቻ ላይሆን እንደሚችል ነው። አንዳንዴ ቀዳዳው እንዳይዘጋ ያደረገው የልቡ ድካም ራሱ ነው። ሆኖም ጥናቱ «ፈጽሞ አይዘጋ» አላለም። የተጠኑት ሰዎች ከሕክምናው በኋላ አንድ ወር የቆዩና ደማቸው ከግራ ወደ ቀኝ የሚያልፍ ነበሩ። ኦክስጅናቸው የወረደባቸውን ሰዎች ጉዳይ ይህ ጥናት አይመልስም።

መዝጋትም የራሱ ዋጋ አለው። መዝጊያው ከቦታው ሊነቀል፣ የልብ ምት ሊያዛባ፣ አልፎ አልፎም የልብን ግድግዳ ሊፍቅ ይችላል። በዚያ ላይ ነገ ሁለተኛ ክሊፕ ወይም የልብ ምት ሕክምና ቢያስፈልግ በተዘጋው ግድግዳ እንደገና ማለፍ ይከብዳል።

የሚዘጋው መቼ ነው?

በተግባር ሐኪሞች ሦስት ጊዜያትን ይለያሉ።

የመጀመሪያው ሕመምተኛው ገና ከሕክምናው አልጋ ሳይነሳ ነው። ቱቦው እንደወጣ ደሙ ከቀኝ ወደ ግራ ማለፍ ጀምሮ ኦክስጅን ከወረደ፣ ግድግዳው ተቀድዶ ቀዳዳው ከተጠበቀው በላይ ከሰፋ፣ ወይም የቀኙ ልብ በድንገት ከዛለ እዚያው ሊዘጋ ይችላል።

ሁለተኛው ከሕክምናው በኋላ ባሉት ቀናትና ሳምንታት ነው። ሕመምተኛው ቫልቩ በደንብ ተጠግኖለት እያለ ትንፋሹ ካልተሻለ፣ ኦክስጅኑ ከወረደ ወይም የእግሩ እብጠት ከጨመረ ኢኮ ይደገማል። በክንድ ደም መልስ የተናወጠ የጨው ውሃ በመስጠት የሚሠራው የአረፋ ምርመራ፣ ደም ከቀኝ ወደ ግራ ማለፍ አለማለፉን ያሳያል።

ሦስተኛው ከወራት በኋላ ነው። ቀዳዳው ሳይዘጋ ቆይቶ የቀኙ ልብ እየሰፋ ከሄደ፣ ወይም በቀዳዳው ያለፈ የረጋ ደም ስትሮክ ማስከተሉ ከታመነ፣ መዝጋት ይታሰባል። የሳንባ ደም ሥሮቹ ግፊት በጣም ከፍ ያለበት ሰው ግን ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ለእርሱ ቀዳዳው መተንፈሻ ሆኖ ሊሆን ይችላልና፣ ሐኪሙ በፊኛ ለጊዜው ዘግቶ ግፊቱ እንዴት እንደሚሆን ሊለካ ይችላል።

ከእነዚህ ውጪ ላለው ለአብዛኛው ሰው ሕክምናው ክትትል ነው፦ ኢኮ በቀጠሮው፣ የልብ ድካም መድኃኒት በአግባቡ፣ የደም ማቅጠኛ በታዘዘው መጠን።

አዘጋጉ እንዴት ነው?

መዝጊያው ሁለት ክብ ሳሕኖች በአጭር ወገብ የተያያዙበት ቅርጽ አለው። ተጣጥፎ በቱቦ ይገባል፤ አንዱ ሳሕን በግራ፣ አንዱ በቀኝ ይከፈትና ግድግዳውን በመካከላቸው ይይዙታል። በብዛት ከሚታወቁት አንዱ አምፕላትዘር የተባለው ሲሆን በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። የተሠራው ከኒኬልና ከታይታኒየም ቅይጥ ሽቦ እና ከፖሊስተር ጨርቅ ነው። ለኒኬል አለርጂ ያለበት ሰው አስቀድሞ መናገር ይኖርበታል። በወራት ውስጥ የሰውነት ሥጋ በላዩ ላይ ይበቅልና የግድግዳው አካል ይሆናል።

ሙስሊም ቤተሰቦች ስለ ቁሳቁሱ መጠየቃቸው አይቀርም። በዚህ መዝጊያ ውስጥ የእንስሳ አካል የለም። በሕክምናው ጊዜ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ሄፓሪን ግን በብዛት የሚዘጋጀው ከአሳማ አንጀት ነው። በርካታ የፊቅህ ሊቃውንት አማራጭ በሌለበት አስገዳጅ ሁኔታ የተፈቀደ መሆኑን ይገልጻሉ። ይህ የሚያሳስበው ሰው በሕክምናው ዕለት ከመጨነቅ ይልቅ ቀደም ብሎ ሐኪሙንም የሚያምነውን ዓሊምም ይጠይቅ።

ከተዘጋ በኋላ የታዘዘው የደም ማቅጠኛ በራስ ፈቃድ አይቋረጥም። ለመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ጥርስ ከመነቀሉ በፊት መከላከያ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋል። በቫልቩ ላይ ክሊፕ ያለበት ሰው ግን ከ6 ወር በኋላም ይህንን ለጥርስ ሐኪሙ ሁልጊዜ ሊናገር ይገባል።

ቀዳዳው ያልተዘጋበት ሰው ምን ይጠንቀቅ?

ረጅም ጉዞ፦ ከ4 ሰዓት በላይ ተቀምጦ መጓዝ በእግር ውስጥ ደም የመርጋት ዕድልን ይጨምራል። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ወደ ሀገር ቤት ለሚመጣ፣ ለሐጅና ለዑምራም ለሚጓዝ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከጉዞው በፊት ሐኪም ያማክሩ፤ በአውሮፕላን ውስጥ እየተነሱ ይራመዱ፤ ቁርጭምጭሚትዎን ያንቀሳቅሱ፤ ሐኪም ካልከለከለዎት ውሃ ይጠጡ። ጠዋፍና ሰዕይ ረጅም የእግር ጉዞ እንዳላቸውም አስቀድመው ያስቡ፤ ያቃተው በተሽከርካሪ ወንበር መፈጸም ይችላል።

ጾም፦ የሽንት ማሸኛ መድኃኒት እየወሰዱ ቀኑን ሙሉ ውሃ አለመጠጣት ኩላሊትንና የደም ግፊትን ሊጎዳ ይችላል። መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ ትቶ መጾም ደግሞ ልብን ያደክማል። ረመዷን ከመግባቱ ሳምንታት በፊት ሐኪምዎን ያነጋግሩ፤ ሸሪዓችን ለሕመምተኛ የሰጠው ፈቃድ ለዚህ ነው።

ሶላት፦ ሰውነታችን በሶላት ውስጥ ምልክት ይሰጠናል። ሩኩዕ ወይም ሱጁድ ሲወርዱ ትንፋሽ የሚያጥርዎት ከሆነ ውሃ መቋጠር የጀመረበት የልብ ድካም ምልክት ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ተኝተው ደህና ሆነው ሲቆሙ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ደም ከቀኝ ወደ ግራ የማለፉ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ይህንኑ ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩ። እስከዚያው ተቀምጠው ይስገዱ።

ጉሉኮስና መርፌ፦ በደም ሥር የሚገባ የአየር አረፋ በቀዳዳው አልፎ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ጉሉኮስ የሚተክልልዎት ባለሙያ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት በልብዎ ቀዳዳ እንዳለ ይንገሩት።

እርግዝና፦ በእርግዝናና ከወሊድ በኋላ ደም በቀላሉ ይረጋል። በፊኛ የታከመች እህት ከማርገዟ በፊት ኢኮ ተነስታ ሐኪሟን ታማክር። የፊኛ ሕክምና የየወሩን የፔኒሲሊን መርፌ እንደማያስቀርም አትርሳ፤ መርፌው ሕመሙ ተመልሶ ቫልቩን እንዳይጎዳ የሚሰጥ ነው።

የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መዛል፣ የአንደበት መተሳሰር በድንገት ከታየ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። በዚያው ደቂቃ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

ለሐኪሙ የሚቀርቡ ጥያቄዎች

ወደ ክትትል ሲሄዱ እነዚህን በወረቀት ጽፈው ይያዙ፦ ቀዳዳው ስንት ሚሊ ሜትር ነው? ካለፈው ኢኮ ጠብቧል ወይስ ሰፍቷል? ደሙ ከግራ ወደ ቀኝ ነው ወይስ ከቀኝ ወደ ግራ የሚያልፈው? የቀኙ ልብ ሰፍቷል? የሳንባው ግፊት ስንት ነው? የተጠገነው ቫልቭ አሁን ምን ያህል ያፈስሳል ወይም ጠብቧል? የሚቀጥለው ኢኮ መቼ ነው?

በውጭ ሀገር ታክመው ወደ ሀገር ቤት የሚመለሱ ሰዎች ደግሞ የሕክምናውን ዝርዝር ወረቀት፣ የኢኮውን ምስል የያዘ ሲዲና የመሣሪያውን መታወቂያ ካርድ ሳይቀበሉ ከሆስፒታሉ አይውጡ። እዚህ የሚከታተላቸው ሐኪም ቀዳዳው እየጠበበ ወይም እየሰፋ መሆኑን ማወቅ የሚችለው የፊተኛውን መለኪያ ሲያገኝ ነው።

በመግቢያችን ያነሳናቸው አባት ልጆችም «ቀዳዳ አለ» የሚለውን አንብበው ከመደንገጥ ይልቅ እነዚህን ጥያቄዎች ይዘው ቢሄዱ መልሱን ያገኙታል። ቀዳዳው ትንሽ፣ ደሙ ከግራ ወደ ቀኝ የሚያልፍ፣ የቀኙ ልብም ያልሰፋ ከሆነ አባታቸው የሚያስፈልጋቸው መድኃኒታቸውን መውሰድና ቀጠሯቸውን ማክበር ነው። ከሆነው ሌላ ሆኖ ከተገኘም መፍትሔው ያለ ቀዶ ሕክምና የሚፈጸም ነው፤ በጊዜው መታወቁ ግን ግድ ነው።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ያውርድላቸው። አሚን።